ከ፮ በፊት ፯

መጽሐፍ ገዝተው መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ የሚያነቡ ሰዎች አሉ። እግዜር ይይላቸው። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ክፍል አንድን ሳላነብ ክፍል ሁለትን ብትሰጡኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ሳየው እከርማለሁ እንጂ አልገልጠውም። ጅቡቲ ውስጥ የተቀጠርኩባት ማዳም ሀስና "አንቺ እኮ ልብስ ስታሰጪ እንኳ ወረፋ ታስይዢዋለሽ" እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ካልሲ ከካልሲ ጋር፣ ሸሚዝ ከሸሚዝ ጋር ነው የማሰጣው።

እንግዲህ ይህን ያህል ተራ የምወድ ሰው፣ አንድ አርብ ጠዋት ከስድስት በፊት ሰባትን ከፍቼ፣ ያውም ጮክ ብዬ አነበብኩ። የምነግራችሁ የዚያን አርብና እሱን ተከትለው የመጡትን ጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው።

ያኔ ማዳም ሀስና ቤት፣ ሄሮን በሚባለው ሰፈር እኖር ነበር። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቶሎ ትቆጣለች፣ ቶሎ ትረሳለች። ጅቡቲ ግን ለእኔ መተላለፊያ እንጂ መኖሪያ አልነበረችም። ሐሳቤ ባሕሩን ተሻግሬ ዓረብ አገር መግባት ነው። ሻንጣዬን እንኳ ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ በደንብ ፈትቼው አላውቅም ነበር። የሚያስፈልገኝን ልብስ መዝዤ እለብስና አጥቤ እዚያው እመልሰዋለሁ።

አርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። አርብ ሲደርስ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ እትዬ በላይነሽ ቤት እሄዳለሁ። እትዬ በላይነሽ በልጅነታቸው ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የካርቲዬውን ሴት ሁሉ ሲያለብሱ የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ ስተዋወቃቸው ግን የስፌት መኪናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ይዞ ነበር። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሰው መግባቱን በጥላው ያውቃሉ፤ ማን መሆኑን በድምፁ። የእኔን ፊት አንድም ቀን አይተውት አያውቁም።

"ድምፅሽ የወፍራም ሴት ነው፤ በዚያ ላይ ዕድሜዋ የገፋ" ይሉኛል። "ቁጭ በሉ ስትዪ እኮ አማቴ የመጣች ነው የሚመስለኝ።"

እኔ ደግሞ ዝም እላቸዋለሁ። እንደዚያ ብለው ሲያስቡኝ ይታዘዙኛል።

ያቆራኘን "ወይዘሮ ትርንጎ" የሚባል የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ነው። ሰባት ክፍል አለው። ትርንጎ ጡረታ የወጡ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ናቸው፤ ድሬዳዋ ነው የሚኖሩት፤ ሰው ሲዋሽ በድምፁ ያውቁታል። ረዳታቸው ባሻ ደጉ የሚባል ጋሪ ነጂ ነው። ፖሊሱ የማያውቀውን ሰፈር ያውቃል፣ ወሬ ያመጣል፣ ይበላል፣ ያሾፋል። እትዬ በላይነሽ ባሻን ሲወዱት ለጉድ ነው። እሱ ያለበት ገጽ ሲመጣ "ቀስ በይ፣ ቀስ በይ" ይሉኛል፤ እንዳያልቅባቸው። አንዱ ክፍል ላይ ባሻ ጉንፋን ያዘው የሚል ሲመጣ "ነጭ ሽንኩርት በማር አይሰጡትም?" ብለው ተጨነቁ።

መጽሐፎቹን የሚያመጣልን ሙሌ የሚባል የተሳቢ ሹፌር ነው። በየጉዞው አንድ አንድ እየገዛ፣ መንገድ ላይ ራሱ አንብቦ፣ ገጹ ላይ ዘይት አስነክቶ ያደርስልናል። ታዲያ የሁሉም ርዕስ አንድ ነው፤ መለያቸው ሽፋኑ ላይ አበጥ ተደርጎ የታተመው የግዕዝ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እንደ አብዛኞቻችሁ የግዕዝ ቁጥር የማውቀው ከግድግዳ ካላንደር ነው። እስከ አምስት እደፍራለሁ። ከዚያ በላይ ካላንደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ካልቆጠርኩ አይሆንልኝም።

አምስተኛውን በጨረስን ሰሞን ከውጭ የዓይን ሐኪሞች መጡ። ለጥቂት ቀናት ብቻ የሞራ ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ ተባለ። ጎረቤቶች ተሯሩጠው እትዬን አስመዘገቧቸው፤ ተራቸውም ለእሑድ ጠዋት ደረሰ። እሳቸው ግን "አልሄድም" ብለው ቁጭ አሉ። ለምን ቢሏቸው አንዴ "ግፊት አለብኝ"፣ አንዴ "እግዜር የጋረደውን ሰው አይገልጠውም"፣ አንዴ "ልብሴ አልታጠበም"። ሐኪሞቹ ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ሞራው ሲቆይ እየጠጠረ እንደሚከብድም ተነግሮናል። እንግዲህ ያቺ እሑድ ካለፈች አለፈች ማለት ነው። እኔ በስልክ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። የአማታቸውን ድምፅ እንኳ በዚህ ጊዜ አልፈሩትም።

በዚህ መሀል ሐሙስ ከሰዓት ሙሌ ደወለልኝ።

"ስድስተኛውን እትዬ ቤት አድርሼልሻለሁ፣ እህቴ። እንዳትተኚ!"

አርብ ጠዋት ካርቲዬ ሁለት ስደርስ መጽሐፉ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል። እትዬ አልጋቸው ጠርዝ ላይ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቁኛል። ስለ እሑድ ላነሳ ስል "መጀመሪያ መጽሐፉ" አሉኝ። ቬንትላተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ከፈትኩ።

"'ባሻ ነፍሱን ይማረውና፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ፈረሴ ቀድማ ታውቃለች ይል ነበር' አሉ ወይዘሮ ትርንጎ ወደ ሰማይ እያዩ..."

"ቆይ" አሉኝ እትዬ።

ቆምኩ።

"ምን አልሽ?"

"ዝናብ ሊመጣ ሲል..."

"ከዚያ በፊት።"

ዓይኔ መስመሩ ላይ ተመለሰ። አፌ ያለፈውን ልቤ ያኔ ነው ያነበበው። ነፍሱን ይማረውና። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ብለናታል፤ አያቴ ነፍሷን ይማርና፣ ጎረቤታችን ነፍሱን ይማረውና። ከአፋችን ትወጣለች እንጂ አንሰማትም። ያን ጠዋት ግን ሰማናት።

"ባሻን ነው ነፍሱን ይማረው ያሉት?" አሉ እትዬ።

"ምናልባት... ሌላ ባሻ ይሆናል።"

"ፈረስ ያለው ሌላ ባሻ?"

መስመሩን በጣቴ ሸፈንኩት።

"አምስተኛው ሲያልቅ በጋሪው እየዘፈነ ነው የሄደው" አሉ። "ራስሽ ነሽ ያነበብሽልኝ። እየዘፈነ! መቼ ሞተ?" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ስጪኝ እስቲ።"

ሰጠኋቸው። አመልካች ጣታቸውን ሽፋኑ ላይ፣ አበጥ ያለችው ቁጥር ላይ አሳለፉ። ደግመው አሳለፉ። ስንት ዘመን መርፌና ጨርቅ ሲዳስሱ የኖሩ ጣቶች ናቸው።

"ስድስት ጀርባዋ ጎባጣ ናት" አሉ። "ይቺ ግን ሄዳ ታጥፋ ትመለሳለች። የኔታ ፊት ስድስትን ከሰባት ባምታታ ጆሮዬ ይጎተት ነበር። ፀዳለ፣ ይቺ ሰባት ናት።"

ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር ሮጥኩ። በጣቴ ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩ። ሰባት ናት! እልል በሉልኝ፤ ዕድሜ ልኬን በተራ ያነበብኩ ሰው በአንድ ቃል ጉድ ሆንኩ። ባሻ ሞቷል፣ እንዴት እንደሞተ ደግሞ የሚናገረው ስድስት የለም።

"በቃ ከተከፈተ ተከፈተ፣ ቀጥዪ" አሉ እትዬ። "ባሻ ዝም ብሎ አይሞትም። ገድለውታል። ማን እንደገደለው ልወቅ።"

"አላነብም!"

"ፀዳለ!"

"በተራው ነው፣ እትዬ! ስድስት ሳይመጣ አንዲት መስመር አላነብም!"

ስልኬን አውጥቼ ለሙሌ ደወልኩለት። ከጀርባው የከባድ መኪና ጥሩምባ ይጮኻል።

"ሙሌ! ምን አባክ ነው ያመጣህልኝ?"

"ምነው? ስድስትን ነዋ።"

"ሰባት ነው!"

ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ። "ወይ ጉድ" አለ። "ሁለቱንም ነበር የገዛሁት። ሰባተኛውን በሚቀጥለው ጉዞ ይዤ መጥቼ ላስደንቅሽ ብዬ ስድስትን... ማለት ሰባትን... እኔ ምን ላድርግ፣ ቁጥሮቹ መንትያ ናቸው! ስድስቱ እዚህ ጋቢና ውስጥ ነው። እንዲያውም ቁጥሩን ልብ ሳልል እያነበብኩት ነው። እንዴት ያለ መጽሐፍ መሰለሽ፣ ባሻን እኮ..."

"ዝም በል!" ብዬ ጮህኩ። "የት ነህ?"

"ዶራሌ ወደብ። ጭኜ ጨርሻለሁ፣ መውጣቴ ነው። ፔካ 12 ላይ ጎማ አስነፍቼ ወደ ጋላፊ ድንበር።"

"እዚያ ስንት ትቆያለህ?"

"ጎማው ተነፍቶ እስኪያልቅ።"

ስልኩን ዘጋሁት። መጽሐፉ አገር ጥሎ ሊወጣ ነው! ሙሌ ከሄደ የሚመለሰው መቼ እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ ወረፋ፣ ጉምሩክ፣ ብልሽት አለ። በዚያ ላይ፣ ነጠላዬን እየጠመጠምኩ ሳለሁ፣ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ በራ። ሁለቱም መጽሐፎች እጄ ከገቡ እትዬን ሐኪም ቤት የማስገባበት መንገድ አገኘሁ ማለት ነው። ሰባትን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

"ይዘሽብኝ ልትሄጂ ነው?" አሉ እትዬ።

"እመለሳለሁ። ለጎረቤት ልጅ ሰጥተው እንዳያስነብቡ ነው።"

"አንቺ ሰይጣን!" ሲሉ እየሰማሁ ወጣሁ።

የአርብ ቀትር ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አስፋልቱ ጫማ ያቀልጣል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ወደ መስጊድ ይተማል። በፔካ 12 መንገድ ላይ ወዳለችው ባልባላ የሚሄድ ሚኒባስ አግኝቼ ተሳፈርኩ። በየሜዳው ይቆማል። እኔ "ያላ፣ ያላ!" እያልኩ መቀመጫውን እደበድባለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሶማሌ ሴትዮ "አባዮ፣ ሰብር" አሉኝ፤ እህቴ፣ ታገሺ ማለታቸው ነው። ባልባላ እንደገባን አዛን ተሰማ። ሹፌሩ ዳር ያዘ፣ ሞተር አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ረዳቱ ተከተለው። ወንዶቹ ተሳፋሪዎች ተከተሉ። ሚኒባሱ ውስጥ እኔና ሴትዮዋ ቀረን።

ጸሎት ነው፤ ምን ይባላል? ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ። ቁጭ አልኩ። ለሙሌ ብደውልለት አያነሳም። በመስኮት ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱ ሳይ ከባድ መኪኖች አቧራ ለብሰው ወደ ፔካ 12 አንድ በአንድ ያልፋሉ። አንዱ የሙሌ ይሆናል እያልኩ በእያንዳንዱ ልቤ ይወርዳል።

ሴትዮዋ አስተዋሉኝ። በሶማልኛና በተሰባበረ አማርኛ "ሰው ታመመብሽ?" አሉኝ።

ምን ብዬ ላስረዳ? "ዓይን" አልኩ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ። "እናቴ። ዓይን። እሑድ ኦፔራሲዮን።"

ውሸት አይደለም። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፣ የተዘለለው መጽሐፉ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ወርደው መንገድ ላይ ቆሙ፤ ያለፈውን ፒካፕ ሁሉ በቁጣ አስቆሙ። ሦስተኛው ላይ ያለውን ጎረምሳ የእናቱ ያህል ተቆጥተው "ውሰዳት!" አሉት መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ወጥቼ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ፔካ 12 የከባድ መኪኖች ከተማ ነው። ከዳር እስከ ዳር ተሳቢ ተደርድሯል። ዘልዬ ወረድኩና "ሙሌ!" እያልኩ በመኪኖቹ መሀል ሮጥኩ። ጎማ ቤቱ ጋ ስደርስ የእሱ ቦታ ባዶ ነው። ጎማ ጠጋኙ በአገጩ ወደ መንገዱ ጠቆመኝ። አየሁት! ቀዩ ጋቢና እየተንፏቀቀ አስፋልት ሊወጣ ነው። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፍኩና እያውለበለብኩ ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ፍሬኑ አጓራ፣ አቧራው ዋጠኝ።

"አበድሽ?" አለ ሙሌ በመስኮት ብቅ ብሎ። "ለመጽሐፍ ልትሞቺ ነው?"

"ስጠኝ!"

"እሺ እሺ። አልጨረስኩትም እንጂ እዚህ ጋ ደርሻለሁ፤ ገዳዩን ግን ጠርጥሬዋለሁ፣ ያ የባቡር ጣቢያው..."

ሁለቱንም ጆሮዎቼን በእጄ ደፍኜ "ኡኡኡኡ!" ብዬ ጮህኩ። የጅቡቲ ሹፌር ከነሻዩ ተነሳ፤ የጀበርቲ ነጋዴ ከሱቁ ወጣ፤ ሰው መኪና የገጨኝ መስሎት ተሰበሰበ። ሙሌ ደንግጦ መጽሐፉን ወረወረልኝ። ያዝኩት። ቁጥሩን በጣቴ ዳሰስኩ። ጀርባዋ ጎባጣ ናት። ስድስት!

ደስታዬን ብነግራችሁ አታምኑም። እዚያው አቧራ ላይ ቆሜ መጽሐፍ አቅፌ ሳቅሁ።

ካርቲዬ ሁለት ስመለስ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ጥላውን ገብቷል። እትዬ ከተውኳቸው ቦታ አልተንቀሳቀሱም።

"አገኘሽው?"

"አገኘሁት።" አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "አሁን ያዳምጡኝ። ስድስትን አነብልዎታለሁ፤ ዛሬ፣ ነገ በስልክ፣ እሑድ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ። ሰባትን ግን አላነብም። ሰባትን ራስዎ በዓይንዎ ነው የሚያነቡት።"

ፊታቸው ተለወጠ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም።

"አንቺ ቢላዋ የፈራሁ መስሎሻል" አሉ በዝግታ። "ቢላዋ አልፈራም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አሁን ሌሊት ስተኛ 'አንድ ቀን ሐኪም ቢያየኝ እድን ይሆናል' እላለሁ። በዚያች ተስፋ ነው የምነጋው። ሄጄ፣ ገልጠውት፣ ብርሃን የለም ቢሉኝስ? ምን ብዬ ነው የምተኛው?"

እንደዚያ ሲሉ ኩራቴ ሁሉ ጠፋ። ያን ሁሉ ቀን የተቆጣኋቸው ሰነፍ መስለውኝ ነበር። እጃቸውን ያዝኩ።

"እንግዲያው እኩል እንሁን" አልኩ። "ካልሆነልዎት እኔም ሰባትን አላነበውም። ተዘግቶ ይቀመጣል። ሁለታችንም መጨረሻውን ሳናውቅ እንኖራለን።"

"አንቺ? መጨረሻውን ሳታውቂ?" ሳቅ አመለጣቸው። "ትፈነጃለሽ!"

"እፈነዳለሁ።"

ቬንትላተሩ ወደ እሳቸው ይዞራል፣ ወደ እኔ ይመለሳል።

"ለባሻ ስል ነው" አሉ በመጨረሻ። "አንብቢ።"

አነበብኩ። ስድስትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ባሻ እየሳቀ ይገባል፤ እኛ ግን እንደሚሞት እናውቃለን። ለስላሳ በጠጣ ቁጥር "አትጠጣ! መርዝ ይሆናል!" ይላሉ እትዬ። በር በከፈተ ቁጥር እኔ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ተራው መበላሸቱ ያን ያህል ጉድ ያመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እንዲያ እየፈራሁና እየጓጓሁ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም።

ቅዳሜ ማዳም ሀስና ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ማድ ቤት ገብቼ በስልክ አነበብኩላቸው። ቀና ስል ማዳም በሩ ላይ ቆማለች።

"ማነው የሞተው? ታለቅሻለሽ እኮ" አለች።

እውነትም አለቅስ ነበር፤ ባሻ ያን ጊዜ ነበር የሞተው። የማውቃትን ሶማልኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ቀላቅዬ ታሪኩን ነገርኳት። እሑድ ሥራ ቀን ስለሆነ ፈቃድም እግረ መንገዴን ጠየቅሁ።

"ሂጂ" አለች። "ሰኞንም ሂጂ። ግን ገዳዩን ሳትነግሪኝ እዚህ ቤት አትገቢም።"

እሑድ ጠዋት የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ጢም ብሏል። እትዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ጣቶቻቸው ይቀዘቅዛሉ፤ በዚያ ሙቀት! "አንብቢ፣ አንብቢ፣ ዝም አትበይ" ይሉኛል። ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሐበሻ አባት ወንበራቸውን አስጠጉ። ሁለት ሴቶች ተጨመሩ። አማርኛ የማይሰሙ የአፋር ሽማግሌ ሳይቀሩ በትራቸውን ተደግፈው ወደ አፌ ያያሉ። ወይዘሮ ትርንጎ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ ስልክ ቤቱ ውስጥ ሰብስበዋል፤ አንድ በአንድ ስልክ እያስነሱ "ሃሎ" ያስብሏቸዋል። የገዳዩን "ሃሎ" ያውቁታል። ሦስት ገጽ ቀርቶናል። አንዱ ስልኩን አነሳ...

"ማዳም በላይነሽ!" አለች ነርሷ።

ኮሪደሩ በሙሉ "ውይ!" አለ።

"አንድ ጊዜ ብቻ" አሉ እትዬ። ነርሷ እጃቸውን ያዘች፤ ሐኪሙ አይጠብቅም። እትዬ ተነሱ፣ ቆሙ። ይመለሳሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ ድምፄ ዞረው "ጣትሽን ገጹ ላይ አድርጊ" አሉኝ። "እንዳታጭበረብሪኝ፣ ፀዳለ። አብረን ነው።"

"አላይም። በእትዬ ሞት!"

"በእኔ ሞት አትማዪ፣ ዛሬ ደስ አይልም" ብለው ገቡ።

ጣቴን መሀሉ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ሐበሻው አባት "ልጄ፣ እኛስ? ጨርሺልን እንጂ" ብለው ለመኑኝ። "በተራ ነው፣ አባባ" አልኳቸው። ጣቴ ግን እሳት ላይ ያለ ይመስል ነበር። አንድ ገጽ ብገልጥ ማን ያየኛል? አልገለጥኩም። እትዬ የነገሩኝን ፍርሃት እያሰብኩ ጸለይኩ፤ "መጨረሻውን አንተ ታውቃለህ፣ ለእሳቸው አሳምርላቸው" አልኩ።

ሲወጡ አንዱ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሐኪሙ ጨርቁ ሰኞ ይነሳል፣ ያኔ ይታወቃል አለ። ሌላ ምንም አላለም። ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ስለ ገዳዩ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነበብኩም።

ሰኞ ማዳም ሀስና ራሷ በመኪናዋ አደረሰችን። "ለመጽሐፉ ብዬ ነው" አለች። ሐኪሙ እትዬን ወንበር ላይ አስቀምጦ ፕላስተሩን ቀስ አድርጎ ላጠ። ጨርቁን አነሳ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ይግለጡት" አለ በነርሷ በኩል።

አልገለጡም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ማዳም ሀስና ክንዴን ይዛለች።

ገለጡት። ዓይናቸውን አርገበገቡ፣ እንባ ወረደ። ጣሪያውን አዩ፣ ሐኪሙን አዩ፣ ማዳምን አዩ። ከዚያ እኔ ላይ መጥተው ቆሙ። አዩኝ፣ ደጋግመው አዩኝ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ።

"ፀዳለ የት አለች?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"አንቺ?" አሉ። "ይቺ? ይቺ ቀጭን ልጅ ናት እንደዚያ ስትቆጣኝ የኖረችው?" እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ያዙ። "ልጅ ነሽ እኮ! ገና ልጅ ነሽ!"

እልልታዋ የማን እንደሆነች አላውቅም፤ ማዳም ሀስና መሰለችኝ። እኔ እንደ ሕፃን ነበር የማለቅሰው።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ እትዬ ከቦርሳቸው የድሮ የስፌት መነጽራቸውን አወጡ። ነርሷ "ጥቂት ብቻ ያንብቡ" አለች። መጽሐፉን ሰጠኋቸው፣ ጣቴ ከነበረበት ገጽ። ፊደል ፊደሉን እየነካኩ፣ እንደ ተማሪ፣ ያቺን የስልክ "ሃሎ" አነበቡልኝ። ገዳዩን ከእሳቸው አፍ ሰማሁ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ዘግተው፣ ሽፋኑን አየት አድርገው፣ "ባሻ፣ ነፍስህን ይማረው" አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ላሳጥርላችሁ። እትዬ በሳምንታት ውስጥ ጨርቁን ከስፌት መኪናው ላይ አነሱት። አርብ አርብ እኔ ማንበቤ ቀረና እሳቸው ማስተማር ጀመሩ፤ መጀመሪያ ክር ማሳለፍ፣ ቀጥሎ ቀጥ ያለ ስፌት፣ ቀጥሎ እጅጌ። በተራ። አንድ ቀን ማዳም ሀስናን አመስግኜ ወጣሁ፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛችንም እሷው ናት። ሻንጣዬን ፈታሁት። አሁን ውስጡ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው ያለው።

አንባቢዎቼ፣ ያኔ የምቸኩልበት ዓረብ አገር የሕይወቴ የመጨረሻ ገጽ ይመስለኝ ነበር። መጽሐፍ በተራ የማነብ ሴት፣ ኑሮዬን ግን ከመሀል ገንጥዬ ልዘል ነበር። አጠገባችሁ ተቀምጦ ገና ያልተነበበ ሰው ካለ እባካችሁ አትዝለሉት። እኔ ልዘላቸው የነበረው እትዬ በላይነሽን ነው።

ሰባትስ አትሉኝም? ሰኞውኑ ጠይቀውኝ ነበር። "ዓይን ብዬ ነው የተዋዋልኩት" አልኳቸው። "ዓይን ደግሞ ሁለት ነው።" እስኪደክማቸው ሰደቡኝ። ሰባት ከዚያን ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሐኪሞቹ በሚመጣው ወር ይመለሳሉ ተብሏል፤ እትዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ከወዲሁ ተኩሰው ሰቅለዋል።

ስለዚህ አደራ። ሰባትን ያነበባችሁ ካላችሁ፣ ካርቲዬ ሁለት መጥታችሁ ልብስ ልታሰፉ ብትገቡ፣ ስለ ሙቀቱ አውሩ፣ ስለ ጨርቁ ተከራከሩ። ወይዘሮ ትርንጎን ካነሳችሁ ግን ስማቸውን ጠርታችሁ ዝም በሉ። እንደ ባሻ ከስማቸው ቀጥሎ የምትመጣ ቃል ካለች እኛ ራሳችን፣ ተራዋ ሲደርስ እንሰማታለን።